የሚዛን ድንጋዩ የተወረወረበት ወንዝ

አንደኛ ቀን፦ ቦን

ለወጣት ዕጩ ተመራጮች ሥልጠና በሰጠሁ ቁጥር ከኋላ ወንበር የማይቀር ጥያቄ ይነሣል፦ «እርስዎ የማን ነዎት?» የማንም እንዳልሆንኩ እመልሳለሁ። ጠያቂው ፈገግ ይላል፤ እኔም ወደ ርዕሴ እመለሳለሁ። ያ ፈገግታ ግን ለዓመታት ተከትሎኛል። በኦክቶበር 2025 ጀርመንን በባቡር ያቋረጥኩት እሱን ይዤ ነው። ጀርመኖች ዜጋንና ፖለቲከኛን ከወገንተኝነት ነጻ ሆኖ ማሠልጠንን በሕግና በበጀት ካቆሙት ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ የተሳካላቸውንም የከሸፈባቸውንም በዐይኔ ማየት ፈለግሁ። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

በኪሴ ለአንድ ወር የሚያገለግል ትኬት አለ፤ ዋጋው በ2025 58 ዩሮ ነበር። በመላ አገሪቱ የከተማ አውቶቡስና ዝግተኛ ባቡር ያሳፍራል፤ ፈጣኖቹን ባቡሮች ግን ከሩቅ ከማየት በቀር አያስነካም።

ቦን ዋና ከተማነቷን ለበርሊን አስረክባ ጸጥ ብላለች። የፌዴራሉ የፖለቲካ ትምህርት ማዕከል ግን አልተንቀሳቀሰም። በ1952 ሲቋቋም የናዚ መንግሥት ከወደቀ ገና ሰባት ዓመቱ ነበር። ተጠሪነቱ ለአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ነው። ይህን ስሰማ ያ የኋላ ወንበር ፈገግታ በእኔው ፊት ላይ መጣ። ከተማዋን ያዞሩኝ ጡረተኛ የታሪክ መምህር አዩኝና ሣቁ። «ማን እንደሚቆጣጠረው አይጠይቁም?» አሉኝ።

የማዕከሉ ሥራ ወደ አንድ ወገን እንዳያዘነብል የሚከታተል ቦርድ አለ። አባላቱ 22 የፓርላማ ተመራጮች ናቸው፤ ከተለያዩ ፓርቲዎች የተውጣጡ። ገለልተኛ ሰው ፍለጋ አልዞሩም ማለት ነው። ወገንተኞቹን ሰብስበው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀመጡና እርስ በርስ እንዲጠባበቁ አደረጓቸው።

ማዕከሉ ከ2002 ጀምሮ ለምርጫ የሚያዘጋጀው «ቫል-ኦ-ማት» የተባለ የኢንተርኔት መጠይቅ አለ። 38 አጫጭር አቋሞች ይቀርባሉ፤ መራጩ ይስማማል፣ ይቃወማል፣ ወይም መካከል ላይ ይቆማል። ፓርቲዎቹም ለእነዚያው 38 አቋሞች ራሳቸው መልስ ሰጥተዋል። በመጨረሻ መጠይቁ ማን ከማን ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረብ ያሳያል። አቋሞቹን ከባለሙያዎች ጋር ተቀምጠው የሚያረቅቁት ወጣቶች ናቸው። በ2021ዱ ምርጫ ከ21 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ጥቅም ላይ ውሏል።

መምህሩ ሊነግሩኝ የቸኮሉት ግን የ2019ኙን ጉድ ነበር። ለአውሮፓ ፓርላማ ምርጫ 41 ፓርቲዎች ቀርበዋል። መጠይቁ ግን ያኔ ውጤት የሚያወዳድረው በአንድ ጊዜ ከስምንት ፓርቲዎች ጋር ብቻ ነበር። ስምንቱን የሚመርጠው ተጠቃሚው ራሱ ነበር፤ ስሙን ሰምቶት የማያውቀውን ፓርቲ ደግሞ ማን ይመርጣል? ቮልት የተባለ አዲስ ፓርቲ ከሰሰ። የኮሎኝ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ምርጫው ስድስት ቀን ሲቀረው ለከሳሹ ፈረደ፤ መጠይቁም ተዘጋ። ሁለቱ ወገኖች ተስማምተው እንደገና የተከፈተው ከሦስት ቀን በኋላ ነው። በሰፈሩበት ቁና መሰፈር አይቀርም። ያም ሆኖ ቀናሁ። «የማን ነዎት?» ቢባል ይህ ተቋም ከእኔ የተሻለ መልስ አለው፤ «ክሰሱኝ» ማለት ይችላል።

ሁለተኛ ቀን፦ ዛንክት አውጉስቲን

ዛሬ ተቃራኒውን ዓለም አየሁ። የነገ ፖለቲከኞችን የሚያሠለጥኑት ገለልተኞቹ ብቻ አይደሉም፤ ለየፓርቲው የሚቀርቡ ፋውንዴሽኖችም አሉ፤ ገንዘባቸውም በአብዛኛው ከመንግሥት ካዝና ይወጣል። ከሶሻል ዴሞክራቶቹ ጋር የሚዛመደው የፍሪድሪሽ ኤበርት ፋውንዴሽን ቦን ውስጥ ነው። ፕሬዚዳንት ኤበርት በ1925 ሲሞቱ በቀብራቸው ከተዋጣው ገንዘብ ተነሣ፤ ናዚዎች በ1933 ዘጉት፤ ከጦርነቱ በኋላ እንደገና ቆመ። ራይንን ተሻግሮ በ66 ቁጥር ባቡር ትንሽ ሲሄዱ ደግሞ ከክርስቲያን ዴሞክራቶቹ ጋር የሚዛመደው የኮንራድ አደናወር ፋውንዴሽን ይገኛል። ሁለቱም የከተማና የመንደር ምክር ቤት ተመራጮችን የሚያስተምሩበት የየራሳቸው አካዳሚ አላቸው፤ በጀት ማንበብ፣ ስብሰባ መምራት፣ ንግግር ማዘጋጀት።

የሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት በ1986 ፋውንዴሽኖቹ ከፓርቲዎቹ ተለይተው እስከ ቆሙ ድረስ ገንዘቡን ማግኘት እንደሚችሉ ወስኖ ነበር። በ2023 ደግሞ ለክፍያው ራሱን የቻለ ሕግ ያስፈልጋል አለ፤ ሕጉም በዚያው ዓመት ወጣ።

እውነቱን ለመናገር አልጠላኋቸውም። ቢያንስ በራቸው ላይ የማን ዘመድ እንደሆኑ ተጽፏል። የሚጎድላቸው አንድ ነገር ነው፤ ሠልጣኙ ከጎኑ የሚያገኘው እንደ እሱ የሚያስብ ሰው መሆኑ። በምሳ ሰዓት የሚቃወመው ሰው የሌለው ወጣት፣ ምክር ቤት ገብቶ የመጀመሪያው ተቃውሞ ሲደርስበት እንደ ስድብ ይወስደዋል።

ከሰዓት በኋላ ራይንን ተከትሎ ወደ ደቡብ። ቤተ መንግሥቶችና ወይን፣ ወይንና ቤተ መንግሥቶች። ሽቱትጋርት ስደርስ ጨልሟል።

ሦስተኛ ቀን፦ ቦይቴልስባህ

ከሽቱትጋርት የከተማው ባቡር የሬምስን ሸለቆ ይዞ ወደ ምሥራቅ ይወጣል። ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። ኮረብታው ከግርጌ እስከ አናቱ ወይን ነው፤ አዝመራው በአብዛኛው ተለቅሞ ቅጠሉ ቢጫ ሆኗል። በጀርመን የፖለቲካ ትምህርት የሚሰጥ ሰው ሁሉ የዚህችን መንደር ስም ያውቃል፤ ረግጠዋት የማያውቁ ግን ብዙ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የትምህርት ጉዳይ የጦር ሜዳ ሆኖ ነበር። ሶሻል ዴሞክራቶች የሚያስተዳድሯቸው ክልሎች፣ በተለይ ሄሰን፣ የማኅበረሰብ ትምህርትን ሲለውጡ ወግ አጥባቂዎቹ ልጆቻችንን ሊወስዱብን ነው ብለው ጮኹ። በ1976 መጸው፣ በዚግፍሪድ ሺለ የሚመራው የባደን-ቩርተምበርግ የፖለቲካ ትምህርት ማዕከል የሁለቱንም ጎራ ምሁራን ወደዚህች መንደር ጠራ። ተከራከሩ፤ ተለያዩ። የማዕከሉ ባልደረባ ሃንስ-ጌኦርግ ቬሊንግ ከክርክሩ ውስጥ ማንም ያልተቃወማቸውን ሦስት ነጥቦች ለቅሞ ጻፈ፤ ጽሑፉ በሚቀጥለው ዓመት ታተመ። ርዕሱ ስለ ስምምነት ይናገራል፤ ግን መጨረሻው ላይ የጥያቄ ምልክት አለው። ድምፅ አልተሰጠበትም፤ ማንም አልፈረመበትም። «የቦይቴልስባህ ስምምነት» እየተባለ ይኸው ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊደፍን ነው።

የመጀመሪያው ነጥብ በጀርመንኛ አንድ ረጅም ቃል ነው፤ ኡበርቬልቲጉንግስፌርቦት። ትርጉሙ ላይ ባቡር ውስጥ ሳልቸገር አልቀረሁም። «ጫና መከልከል» ብለው ቀለለብኝ፤ «ማስገደድ» ዱላ ይሸታል። ቃሉ ሰውን አጥለቅልቆ፣ ገና ሳያስብ ሐሳቡን መቀማትን ነው የሚከለክለው። በመጨረሻ በፖለቲካ ቋንቋችን «ማጥመቅ» የምንለው ተሻለኝ፦ ሠልጣኝህን አታጥምቅ። ሁለተኛው፣ በምሁራንና በፖለቲከኞች ዘንድ አከራካሪ የሆነ ነገር በክፍል ውስጥም አከራካሪ ሆኖ ይቅረብ ይላል። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ እኔ ግን የምወደው እሱን ነው። ተማሪው የፖለቲካውን ሁኔታና የራሱን ጥቅም መርምሮ፣ ሁኔታውን ወደ ጥቅሙ የሚያዞርበትን መንገድ መፈለግ ይቻለው ይላል። ዝም በል፣ መካከል ቁም አይልም። የምትፈልገውን አውቀህ ሂድና ታገል ነው የሚለው። ገለልተኛ እንዲሆን የሚጠበቀው ሥልጠናው ነው፤ ሠልጣኙ አይደለም።

ከመንደሯ ተነሥቼ በእግሬ ወደ ግሮስሄፓህ ሄድኩ፤ ሬምስ ወንዝ ወዳለበት። እዚህ ያመጣኝ ሌላ ታሪክ ነው። በ1514 የቩርተምበርግ ገዥ ዱክ ኡልሪሽ በዕዳ ተዘፍቆ የሚዛን ድንጋዮቹን አስቀነሰ። ዋጋው እንደ ነበረ ሆኖ ሥጋው አነሰ፤ ልዩነቱ ለዱኩ ግምጃ ቤት ገቢ ሆነ። ጋይስፔተር የሚባል የቦይቴልስባህ ገበሬ ከሥጋ ሻጩ ድንጋዮቹን ወሰደ፤ ሕዝቡን አስከትሎ እዚህ ድረስ መጣ። «ገበሬው እውነት ካለው ስመጥ፤ ዱኩ እውነት ካለው ተንሳፈፍ» ብሎ ወረወራቸው። «ምስኪኑ ኮንራድ» የተባለው አመጽ በዚህ ተጀመረ።

ድልድዩ ላይ ብስክሌታቸውን የደገፉ አንድ ወይን አምራች አገኘሁና ስለ ታሪኩ ጠየቅኋቸው። ትከሻቸውን ነቀነቁ። «ሰመጠ፤ ምን ይሆናል ታዲያ? ድንጋይ ነው እኮ።»

ይህን ሳላስበው ነው እዚህ ድረስ የመጣሁት። ስለ ሐሰተኛ ሚዛን የጮኸው ሰው ያቀረበው ፈተና ራሱ ሚዛናዊ አልነበረም፤ መልሱ ገና ከእጁ ሳይወጣ ይታወቅ ነበር። እኔ ደግሞ ስንት ጊዜ እንዲህ ያለ ጥያቄ ለሠልጣኞቼ አቅርቤ «ሐሳባችሁን በነጻነት ግለጹ» ብያለሁ? ወንዙ ጠባብና ጥልቀት የሌለው ነው። ረዘም ላለ ጊዜ ቆሜ አየሁት።

አራተኛ ቀን፦ ቱቢንገን (በስሕተት)፣ ባድ ኡራህ

ሜትሲንገን ላይ ወርጄ ወደ ባድ ኡራህ የሚሄደውን ትንሽ ባቡር መያዝ ነበረብኝ። የትናንቱን ማስታወሻ ሳርም አለፈኝ። ቀና ስል ቱቢንገን ነኝ።

ስሕተቱ ግን ውለታ ዋለልኝ። ድንጋዩ ወንዝ ከገባ ከሁለት ወር በኋላ፣ ጁላይ 8 ቀን 1514፣ የቱቢንገን ውል የተደረገው እዚህ ነው። ባለጸጋ ከተሜዎችና የገዳም አለቆች የዱኩን 900 ሺህ ጉልደን ገደማ ዕዳ ሊሸፍኑ ተስማሙ። በለውጡ ማንም ያለ ፍርድ እንዳይቀጣ፣ የፈለገ ከአገር እንዲወጣ፣ ጦርነት ሲታሰብ እነሱም እንዲጠየቁ አስጻፉ። ገበሬዎቹ በድርድሩ ላይ አልነበሩም። ከአመጹ መሪዎች አንዳንዶቹ አንገታቸው ተቀላ። መጻፍና መደራደር የሚያውቀው ወገን ድንጋይ የወረወረውን ሰው ትርፍ ሰበሰበ። ሥልጠናው ሚዛናዊ ነው ወይ ብዬ ስጨነቅ፣ ማን ተጠራ የሚለውን እረሳለሁ። በጣቢያው ቡና ቤት ይህን ጽፌ ተመለስኩ።

ባድ ኡራህ በተራራ ሥር የተወሸቀች ከተማ ናት። ከበላይዋ፣ ጫካ ውስጥ፣ በ1930 ገደማ አዶልፍ ሽኔክ የተባለ አርክቴክት ለነጋዴዎች ማረፊያ የሠራው ነጭ ባለ ብዙ መስኮት ቤት አለ። ዛሬ የክልሉ የፖለቲካ ትምህርት ማዕከል መሰብሰቢያ ነው። የቦይቴልስባህ ወራሽ ማለት ነው።

ያገኘሁት ቡድን ሃያ ያህል ወጣቶች ነበሩት። ከፊሎቹ በጁን 2024 ለየመንደራቸው ምክር ቤት የተመረጡ ናቸው፤ ሌሎቹ በ2029 ለመወዳደር የሚያስቡ። የባደን-ቩርተምበርግ የአካባቢ ምርጫ ለጀማሪ ይመቻል። መራጩ በምክር ቤቱ መቀመጫ ልክ ድምፅ አለው፤ ለአንድ ሰው እስከ ሦስት ድረስ መስጠት፣ ከተለያዩ ፓርቲዎች ዝርዝርም ቀላቅሎ መምረጥ ይችላል። ከ2024 ጀምሮ ደግሞ የ16 ዓመት ልጅ መመረጥም ይችላል። ከፓርቲ ውጭ ነን የሚሉት «ነጻ መራጮች» በየመንደሩ ጠንካራ ናቸው። ወገን የለንም የሚሉት ራሳቸው ሌላ ወገን ሆነው ዝርዝር ማቅረባቸው አሣቀኝ።

የዕለቱ ልምምድ ስለ አንድ የመዋኛ ገንዳ ነበር። ገንዳው በየዓመቱ ይከስራል፤ ጣሪያው ያፈስሳል፤ ይዘጋ ወይስ ይጠገን? አሠልጣኟ፣ አጭር ጸጉር ያላቸው ደርባባ ሴት፣ ሠልጣኞቹን በአቋማቸው ለሁለት ከፈሉ። ከዚያ አቀያየሩዋቸው። እያንዳንዱ የተቃራኒውን አቋም ይናገራል፤ ባለ አቋሙ «አዎ፣ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው» እስኪል ድረስ መቀመጥ የለም።

አንድ ረጅም ወጣት እንዲዘጋ የሚፈልግ ነበር። ቆመና ገንዳው ለሕፃናት እንደሚጠቅም፣ ለአረጋውያን እንደሚጠቅም ዘረዘረ። በ2024 ተወዳድራ ያልተመረጠች የ18 ዓመት ልጅ ራሷን ነቀነቀች። «የእኔ አይደለም።» እንደገና ሞከረ፤ ስለ ስፖርት ክለቡ አነሣ። «አይደለም።» አዳራሹ ሣቀ፤ እሱ ቀላ። ለሦስተኛ ጊዜ ንግግሩን ትቶ ጠየቃት፦ «እሺ፣ ምንድን ነው ያንቺ?» በመንደሯ ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል፤ ሱቁ ተዘግቷል፤ ቀጥሎ ገንዳው ከሆነ እሷም ትሄዳለች፤ ይህን ነገረችው። ልጁ ትንሽ ዝም አለና ያንኑ በራሱ ቃላት ደገመው። ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ከዚያ በኋላ በተሰጠው ድምፅ ልጁ እንዲዘጋ ነው የመረጠው፤ አቋሙ አልተለወጠም።

አሠልጣኟን በእራት ላይ ጠየቅኋቸው። «እርስዎስ? ገንዳው ይዘጋ ወይስ ይጠገን?» ቢላቸውን አስቀመጡ። «ከጠየቁኝ እነግራቸዋለሁ። የእኔ ሐሳብ መሆኑን ነግሬ፣ የሚቃወመኝንም ከጎኔ አስቀምጬ። መደበቅ ሌላው የማጥመቅ መንገድ ነው።» ለእሳቸው ገለልተኝነት ወሰን አለው፤ የሰው ልጅ ክብር በሚካድበት ክርክር ላይ መካከል እንደማይቆሙ ጨምረው ነገሩኝ። ምሽቱን ክፍሌ ገብቼ የስንት ዓመት የሥልጠና ስላይዶቼን ከፍቼ አየሁ። ግማሹን ጠላሁት።

አምስተኛ ቀን፦ ቱትሲንግ

ኡልም፣ አውግስቡርግ፣ ሙኒክ፤ ዝግተኛው ትኬት ቀኑን በላው። ሽታርንበርግ ሐይቅ ዳር ስደርስ ጀንበር ዘቅዝቃለች። የባቫሪያ ምክር ቤት በ1957 በሕግ ያቋቋመው ከፓርቲ በላይ የሆነ የፖለቲካ ትምህርት አካዳሚ እዚህ ነው። በዚያው በቱትሲንግ፣ በወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን አካዳሚ፣ የሶሻል ዴሞክራቶቹ ፖለቲከኛ ኤጎን ባር ጁላይ 15 ቀን 1963 ከምሥራቅ ጀርመን ጋር «በመቀራረብ መለወጥ» የሚለውን ንግግር አደረጉ። ውኃው ላይ ሁለት ዳክዬዎች ነበሩ፤ ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ስድስተኛ ቀን፦ ወደ በርሊን

በዝግተኛ ባቡር መሄድ ቀን ሙሉ እንደሚፈጅ ሳሰላ ተሸነፍኩና የፈጣኑን ቲኬት ገዛሁ። የቆዩ የቫል-ኦ-ማት መጠይቆች በኢንተርኔት ተቀምጠዋል። መራጭ ባልሆንም የፌብሩዋሪ 2025ን ምርጫ ከፍቼ 38ቱንም መለስኩ። ከላይ የወጣልኝ ትናንት ማታ በእራት ላይ ያማሁት ፓርቲ ነው። ስልኬን ገለበጥኩት። ከጎኔ የተቀመጡት አዛውንት አይተውኝ ኖሮ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «በእኔም ላይ እንዲሁ ያደርጋል። አሁን የሚለውጡት መልሶቹን ነው ወይስ ሐሜቱን?» ከኤርፉርት እስከ በርሊን ስንከራከር ደረስን፤ ማንን እንደመረጡ ግን አልነገሩኝም።

ሰባተኛ ቀን፦ በርሊን

ጠዋት ሽፕሬ ወንዝ አጠገብ ወዳለ ባዶ ቦታ ሄድኩ። እዚህ አርክቴክቱ ሺንከል የሠሩት ባውአካዴሚ (የግንባታ ትምህርት ቤት) የተባለ የቀይ ጡብ ሕንጻ ነበር። በ1962 ፈረሰ፤ አንድ ማዕዘኑ ብቻ ለናሙና ተመልሶ ተሠርቷል። በ1920 በዚህ ሕንጻ ውስጥ የጀርመን የፖለቲካ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ተከፈተ። መነሻው ፍሪድሪሽ ናውማን ለሊበራሎች ያቋቋሙት ትምህርት ቤት ነበር፤ እሳቸው ካረፉ በኋላ ከፓርቲ በላይ እንዲሆን ተደርጎ ሰፋ። ለአዲሱ ሪፐብሊክ የሚሆኑ ፖለቲከኞችና የመንግሥት ሠራተኞች ሊያፈራ ነው። ቴዎዶር ሆይስ ከመምህራኑ አንዱ ነበሩ።

በ1933 ናዚዎች ትምህርት ቤቱን በፕሮፓጋንዳ ሚኒስቴር ሥር አደረጉት። ከዚያ ቀደም ብሎ ማርች 23 ለሂትለር ሙሉ ሥልጣን የሚሰጠው ሕግ ድምፅ ሲሰጥበት፣ የተቃወሙት 94ቱ ሶሻል ዴሞክራቶች ብቻ ነበሩ። ሆይስ በትንሽ ፓርቲያቸው ውስጥ ተቃውመው ተከራክረው ነበር፤ በአዳራሹ ግን ከባልደረቦቻቸው ጋር ደገፉት። እኚሁ ሰው በ1949 የምዕራብ ጀርመን የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኑ። ትምህርት ቤቱም በዚያው ዓመት እንደገና ተከፈተ፤ ዛሬ የበርሊን ነጻ ዩኒቨርሲቲ አካል ነው። ከጡቡ ማዕዘን ሥር ቆሜ ይህን ሳስብ ስለ ሙያዬ የማውቀው ሁሉ ከወትሮው ቀለለብኝ። ሌላውን ወገን መስማት የሚያስተምር ሰው፣ ብቻውን እምቢ ማለትንስ የት ያስተምራል? ይህን በማናቸውም የሥልጠና ሰነዴ ውስጥ አላገኘሁትም።

ከሰዓት በኋላ ከአንድ ተማሪ ጋር ቀጠሮ ነበረኝ። የጀርመን ፓርላማ በየዓመቱ ከ17 እስከ 20 ዓመት የሆኑ 300 ገደማ ወጣቶችን ጠርቶ ለአራት ቀናት ፓርላማውን ያስረክባቸዋል። ፓርቲዎቹ ፈጠራ ናቸው፤ እያንዳንዱ የፈጠራ ስምና የሕይወት ታሪክ ይሰጠዋል። ኮሚቴ አለ፤ የቡድን ስብሰባ አለ፤ በመጨረሻም በእውነተኛው አዳራሽ ክርክርና ድምፅ። ይህ ልጅ ለአረንጓዴዎቹ የሚያደላ የከተማ ልጅ ነው። የደረሰው ሚና ግን የገጠር ወግ አጥባቂ ነበር፤ የሦስት ልጆች አባት፣ የናፍጣ መኪናውን የሚወድ።

«የመጀመሪያውን ቀን ቀለድኩበት» አለኝ። «ድምፄን አጎርንኜ፣ ሆዴን ነፍቼ። በሁለተኛው ቀን የቡድናችን ሊቀመንበር የገጠሩን ማሻሻያ ለድርድር አሳልፋ ሰጠች። ተናደድኩ። በእውነት ነው የምልህ፣ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።»

«አንተ ተናደድህ ወይስ ሰውየው?»

መልስ አልሰጠኝም። ይልቅ የመጨረሻውን ቀን ነገረኝ። ስብሰባው አልቆ ወደ ቤቱ በባቡር ሲመለስ ደረቱ ላይ ያለውን የስም ካርድ ማውለቅ ረስቷል። ትኬት ተቆጣጣሪዋ መጣች፤ ካርዱን አንብባ በሰውየው ስም «እንደምን አመሹ?» አለችው።

«አላረምኳትም» አለኝ።